«አለርጂ ነው» እየተባለ ስንት ወር ይታከካል?

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስነሳ መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ርዕሱ አልነበረም። ስሜን ከሥሩ ላስቀምጥ ወይስ «ከሁለተኛ ዓመት የጋዜጠኝነት ተማሪ» ብዬ ልለፈው የሚለው ነበር። ስለ ታይፎይድ ብጽፍ ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልመጣ። ታይፎይድ የያዘውን ተማሪ ግማሹ ግቢ ጁስ ይዞ ይጠይቀዋል። ወባም ቢሆን የራሱ ክብር አለው። እኔን የያዘኝ ግን እከክ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ቃሏ ሦስት ፊደል ናት፤ ከአፌ ለማውጣት ግን ወራት ፈጅቶብኛል።

ነገሩ የጀመረው ኅዳር 5 ቀን ነው። ቀኑን አልረሳውም፤ በማግስቱ የዜና አጻጻፍ ሚድ ነበረብን። እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ስቸክል ቆይቼ ጋደም ስል የእጄ አንጓ በላኝ። አከክኩት። ቀጥሎ በጣቶቼ መሃል፣ ቀጥሎ ወገቤ ዙሪያ፣ ቀጥሎ እምብርቴ አካባቢ። ሲነጋ የስናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ቀላ ያሉ ሽፍታዎች ወጥተው አየሁ። ቀን ቀን ደህና ነኝ ማለት ይቻላል፤ ክላስ ውስጥ ቁጭ ስል ረስቼው እውላለሁ። ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ሰውነቴ ሞቅ ሲል ግን ይነሳል። እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ሌሊት ነው የሚነሳው። ይህችን አንዲት ነገር ገና ከመጀመሪያው የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህ ጽሑፍም አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የተጠርጣሪዎች ጊዜ ነው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የልብስ ሳሙናዬን ነው፤ ቀየርኩት። ቀጥሎ የግቢውን ውሃ። ቀጥሎ የካፌውን ምግብ፣ በተለይ ሽሮውን፤ ሽሮ ዕድሜ ልኬን ስበላ የኖርኩ መሆኔን ረስቼ። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ከየሰፈሩ የሚነሳው የቆሻሻ ጭስ ነው ያለችኝም አለች፤ ኅዳር ሳይታጠን የጀመረኝ መሆኑን ስነግራት «እንግዲህ አላውቅም» አለች። ትኋን ነው ብለን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፍራሽ ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ የአልጋውን ብረት በፈላ ውሃ ስናጥብ ውለናል። አንዲት ትኋን አላገኘንም። እናቴ በስልክ «ምች መትቶሽ ነው፤ ላብሽን ሳታደርቂ ወጥተሽ ነው» አለችና ዳማከሴ በሰው ላከችልኝ። አሸሁት፣ ተቀባሁት፣ አሸተትኩት። ለጠረኑ ደስ ይላል።

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም» ይባላል። እኔ ግን የረገምኩት ጥፍሬን ነው፤ ኅዳር ሳያልቅ የእጄ አንጓ ተልጦ መግል መያዝ ጀመረ። እናም በመጨረሻ ከግቢው በር ፊት ለፊት ካሉት ፋርማሲዎች ወደ አንዱ ገባሁ። ስሙን አልጠራም፤ ሌላው ጋ ብሄድም የሚለይ አይመስለኝም። እጄን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ። ባለሙያው ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያይ «አለርጂ ነው» አለኝና ቤታሜታዞን የሚባል ቅባትና ሴትሪዚን የሚባል ክኒን ሰጠኝ። ከገባሁ እስክወጣ ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የሚገርመው ደግሞ ሠራ! በሦስተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ፣ ማሳከኩም ቀዝቀዝ አለ። ለባለሙያው በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ቅባቱን ባቆምኩ በሳምንቱ ብሶ ተመለሰ። ሌላ ቱቦ ገዛሁ። እንዲህ እያልኩ እስከ ጥር አራት ቱቦ ጨርሻለሁ። በመሃል ክሊኒክም ሄጄ ነበር። ረጅም ሰልፍ፣ አጭር ምርመራ፣ «አለርጂ»።

ኋላ ጠይቄ የተረዳሁት ይህ ነው። ቤታሜታዞን ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ የሰውነትን ቁጣ ያበርዳል። ቆዳችን የሚቀላው፣ የሚያብጠውና የሚበላን ሰውነታችን አንድ ባዕድ ነገር አግኝቶ ሲቆጣ ስለሆነ፣ ቁጣው ሲበርድ ምልክቱ ይጠፋል። የቁጣው መንስኤ ግን እዚያው ነው። ሌባውን ቤት ውስጥ ትቶ ዘበኛውን እንደማስተኛት ማለት ነው። ተባይ ከሆነ በሰላም ይራባል፤ ጭርት ከሆነ ደግሞ ጭርት ፈንገስ ነውና እየሰፋ ይሄዳል። የሽፍታው መልክም ስለሚለወጥ ኋላ ደህና ሐኪም እንኳ ቢያየው ለማወቅ ይቸገራል። ያ ቅባት መድኃኒትነቱ እውነት ነው፤ ለሚገባው በሽታ በሐኪም ሲታዘዝ ብዙ ሰው አድኗል። የእኔ ችግር ምኑን እንደሚያድን ማንም ሳያውቅ መቀባቴ ነው።

ክርክሬ እዚህ ላይ ይጀምራል። «አለርጂ» የሚለው ቃል በእኛ ሰፈር የምርመራ ውጤት መሆኑ ቀርቶ ጥያቄ መዝጊያ ሆኗል። እውነተኛ አለርጂ እኮ «ከምን?» የሚል ጥያቄ አብሮት ይመጣል። አንዷ የዶርሜ ልጅ እምብርቷ ሥር፣ ልክ የጂንስ ሱሪዋ ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ እየተመላለሰ የሚወጣ ሽፍታ ነበራት። ርካሽ የጆሮ ጌጥ ስታደርግም ጆሮዋ ይቆስላል። ሸሚዟን ሱሪዋ ውስጥ ከትታ ስትለብስ ግን አይወጣባትም። ይህንን ያወቀችው ራሷ ናት። ያ አለርጂ ነው፤ የኒኬል አለርጂ። ኒኬል በሱሪ ቁልፍ፣ በቀበቶ ዘለበትና በርካሽ ጌጣጌጥ ውስጥ የሚገኝ ብረት ነው። የእሷ መድኃኒት ብረቱ ቆዳዋን እንዳይነካ ማድረግ ብቻ ነበር። ተነስቶ በሰዓታት ውስጥ የሚጠፋና ቦታ የሚቀያይር እብጠት ሌላ ነገር ነው። ክብ ሠርቶ ጠርዙ እየሰፋ የሚሄደው ጭርት ሌላ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ክርን መታጠፊያና ከጉልበት ጀርባ እየተመላለሰ የሚያስቸግረውም ሌላ ነው። በጣት መሃል፣ በእጅ አንጓ፣ በወገብና በእምብርት ዙሪያ ወጥቶ ሌሊት ሲሆን የሚብሰው ደግሞ ሌላ። «የቱ ጋ ነው? መቼ ነው የሚብስሽ? ሌላ የሚያክ ሰው አብሮሽ አለ?» ብሎ መጠየቅ ላቦራቶሪ አይፈልግም፣ ገንዘብም አያስወጣም። እኛ ለአንዲት የቀበሌ ስብሰባ ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን ካላልን ማርክ ይቀነስብናል። ለሰው ቆዳ ግን አንድ ቃል በቃን።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልምጣ።

ዶርማችን ስምንት አልጋ አለው። እስከ ጥቅምት 23 ሰባት ሆነን ነበር የምንኖረው፤ በዚያ ቀን ስምንተኛዋ በዝውውር መጣች። ከገጠር የመጣች ዝምተኛ ልጅ ናት። ሻንጣ አልነበራትም፤ አንድ ማዳበሪያና እናቷ የሰጠቻት ወፍራም ባና ይዛ ነው የገባችው። አልጋዋ ከእኔ ሥር ነበር። የጥቅምት ብርድ ሲጠናብኝ ወርጄ ባናዋ ውስጥ ገብቼ አብሬያት እተኛ የነበርኩት ሰው እኔ ነኝ። ይህን ያዙልኝ።

እኔን ኅዳር ላይ ጀመረኝ። ታኅሣሥ ላይ ሌሎች ሁለት ልጆች ማከክ ጀመሩ፤ በታኅሣሥ መጨረሻ እሷም። ጥር ሲገባ ዶርሙ ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። «እሷ ከመምጣቷ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ነበረብን?» አልነበረብንም። «ያ ባና መቼ ነው የታጠበው?» ማንም አያውቅም። ስሌቱ ቀላል ነበር፤ እሷ ጥቅምት 23 መጣች፣ እኔን ኅዳር 5 ጀመረኝ፣ አሥራ ሁለት ቀን። ክሱ ያለ ምስክር ተቋጨ። ፊት ለፊት ማንም ምንም አላላትም፤ እኛ ጨዋዎች ነን። ብቻ ፎጣችንን ከእሷ ፎጣ አራቅን። ሻይ ስናፈላ የእሷን ኩባያ ለብቻው አስቀመጥን። ፀጉሯን የምትሠራላት ልጅ «ፈተና ደረሰብኝ» አለቻት። እሷ አንድ እሁድ ባናዋን ብቻዋን ተሸክማ ወርዳ ስታጥብ ውላ፣ ውሃ ጠጥቶ አልነሳ ብሏት በረንዳው ላይ እየጎተተች ስታመጣው አይቻለሁ። ከላይ ሆኜ ነው ያየሁት። ጥር ሳያልቅ ፕሮክተሩን አስፈቅዳ ወደ ሌላ ብሎክ ተዛወረች። የዶርሙ አየር የቀለለ መሰለን። ማሳከኩ ግን አብሯት አልሄደም።

የካቲት መጀመሪያ ለሴሚስተር ዕረፍት ቤተሰብ ጋ ስሄድ እናቴ የእጄን ቁስል አይታ ደነገጠችና ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ያገኘችኝ ሲስተር በዕድሜ ገፋ ያለች ሴት ናት። መጀመሪያ እጄን አላየችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ትጠይቀኝ ጀመር።

«ልጄ፣ ሌሊት ነው ቀን የሚብስሽ?»

«ሌሊት።»

«አብሮሽ የሚኖር ሰው ያክካል?»

«አዎ፣ ሦስት ልጆች።»

«መቼ ጀመረሽ?»

«ኅዳር 5።»

ከዚያ በኋላ ነው መስኮቱ ጋ ወስዳ ጣቶቼን የፈለቀቀችው። በሌባ ጣቴና በመሃል ጣቴ መካከል የእርሳስ ጭረት የምትመስል፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ጠመዝማዛ መስመር አሳየችኝ። «ይቺ ቤቷ ናት» አለችኝ። የእከክ ተባይ እንስቷ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን እየቦረቦረች ገብታ እንቁላሏን የምትጥልበት መንገድ ነው። አራት ቱቦ ቅባት ስቀባበት የኖርኩት በር ላይ ማለት ነው። «እከክ ነው» ስትለኝ አለቀስኩ። ሲስተሯ ለቅሶዬን አልተቀበለችውም። «ምን ያስለቅስሻል? የሚድን ነገር ነው። ይልቅ መስከረም ላይ የት ነበርሽ?»

ለምን መስከረምን እንደጠየቀችኝ አልገባኝም ነበር። በጣቷ እየቆጠረች አስረዳችኝ። አንድ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በእከክ ሲያዝ ወዲያው አያሳክከውም። ሰውነቱ ተባዩን ለይቶ እስኪቆጣ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በእነዚያ ሳምንታት ምንም ሳይሰማው ወደ ሌላ ሰው ሊያስተላልፍ ይችላል። ከዚያ በፊት ይዞት የሚያውቅ ከሆነ ግን ሰውነቱ ያስታውሳል፤ እንደገና ሲያዝ ከአንድ እስከ አራት ባለው ቀን ውስጥ ማሳከክ ይጀምረዋል። ኅዳር 5 ከጀመረኝ እንግዲህ የያዘኝ ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 7 ባለው ጊዜ ነው ማለት ነው። ልጅቷ የመጣችው ጥቅምት 23።

እኔ እስከ መስከረም 27 ድረስ አክስቴ ቤት ነበርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሁለት ትንንሽ ልጆቿ ጋር በአንድ አልጋ ነው የተኛሁት። ትንሹ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ያድራል። አክስቴ «ቁንጫ ነው» ትላለች፤ እኔም አምኛለሁ፤ እንዲያውም እያከክሁለት ነበር የማስተኛው። (እከክልኝ ልከክልህ የሚባለው ተረት ለእኔ ቀልድ መሆኑ ቀርቷል።) ጥቅምት ላይ ባናዋ ውስጥ ገብቼ የተኛሁት ይህንን ይዤ ነው። እሷ ማከክ የጀመረችው ከእኔ ስድስት ሳምንት ያህል ዘግይታ መሆኑ ዓይናችን ፊት ነበር። የጠየቅነው ግን «መቼ መጣች?» ብለን ነው። «መቼ ጀመራት?» ያለ የለም። «መቼ ጀመረሽ?»ና «መቼ ያዘሽ?» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን የጋዜጠኝነት ተማሪ ሆኜ ከአንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ተማርኩ። ምንጭ ሳናጣራ ዜናውን አሰራጭተናል። ማስተባበያውን ለማውጣት ደግሞ እኔ ዘገየሁ፤ እሱንም ልናገር።

ሲስተሯ ፐርሜትሪን 5 በመቶ የሚባል ክሬም ሰጠችኝ። ሌላ ጊዜ ቤንዚል ቤንዞኤት ሎሽን ወይም የድኝ ቅባት እንደሚሰጡም ነገረችኝ። ማታ ታጥቤ፣ ሰውነቴ ሲደርቅና ሲቀዘቅዝ፣ ከአንገቴ ጀምሮ እስከ እግሬ መዳፍ፣ የጣት መሃልና የጥፍር ሥር ሳይቀር ተቀብቼ እንዳድርና በሳምንቱ እንድደግመው አዘዘችኝ። ካርዴን እየሞላች ቀና ሳትል ያለችኝ ግን ከሁሉም ይበልጥ ነበር፦ «ለዶርምሽ ልጆች በሙሉ ንገሪ። የሚያሳክከውም የማያሳክከውም በአንድ ሌሊት ይቀባ። ብቻሽን ብትቀቢ ገንዘብሽን ነው የምትጥዪው።»

«እሺ» አልኳት። ግቢ ተመለስኩ። አልነገርኩም።

ተቀብቼ፣ በሳምንቱ ደግሜ፣ ድኜ ነበር የተመለስኩት። ሰንብቶ አንድ ሌሊት እንደልማዳችን ከአንዷ ጋር አልጋ ተጋርተን አደርን፤ በሁለተኛው ቀን የእጄ አንጓ በላኝ። ሲስተሯ ያለችው ልክ እንደነገረችኝ ሆነ። እኔ ግን ስሙን እያወቅኩ ሦስት ሳምንት ያህል ዝም አልኩ። ሰባት ልጆች ሌሊት ሌሊት ሲያኩ እየሰማሁ። «እከክ ነው» ካልኩ ቀጣዩ ጥያቄ «ከማን መጣ?» ነው፤ መልሱን ደግሞ አውቀዋለሁ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚባለው ለራስ ብቻ ይመስለኝ ነበር። የደበቀው ሰው ሌላውንም መድኃኒት ይነፍጋል።

ለምን እንደዚህ አፈርኩ? ብዬ ራሴን ጠይቄያለሁ። እከክን ከቆሻሻና ከድህነት ጋር አጣብቀን ስላደግን ነው። ድህነትና መጨናነቅ እውነትም ያባብሱታል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ መድኃኒት በዘመቻ እስከ መታደል ደርሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ አስገብቶታል። ግን ተባዩ የሚፈልገው ቆሻሻ አይደለም፤ የሰው ገላ ነው። በየቀኑ የሚታጠብን ሰውም ይይዛል፤ ቆዳ ውስጥ ስለሚኖር በሳሙና አይወጣም። በአንድ ታማሚ ላይ ያሉት ተባዮች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። ለ15 ነፍሳት ነው እኔ የክፍል ጓደኛዬን የከሰስኩት።

የባናውንም ነገር ላንሳ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኬኔት ሜላንቢ የሚባል እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሼፊልድ ከተማ ውስጥ በፈቃደኞች ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። ፈቃደኞቹ «ጦርነት አንዋጋም» ያሉ ሰዎች ናቸው። እከክ የያዛቸው ወታደሮች የለበሱትን ያልታጠበ የውስጥ ልብስ እየለበሱ፣ የተኙበትን ብርድ ልብስ እየለበሱ አደሩ። በዚህ መንገድ የተያዙት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከታማሚ ጋር ገላ ለገላ ተጠግተው በአንድ አልጋ ያደሩት ግን ተያዙ። ተባዩ ከሰው ገላ ከወጣ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ብዙውን ጊዜ አይኖርም። እንግዲህ እኛ ጥር ላይ የፈረድንበት ባና ሰማንያ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነፃ ወጥቶ ነበር።

ከእሱም በፊት ያለው ታሪክ ነው ይበልጥ የሚያስገርመኝ። እ.ኤ.አ. በ1687 ጣሊያን ውስጥ ጆቫኒ ኮሲሞ ቦኖሞ የሚባል ሐኪም ዲያሲንቶ ቼስቶኒ ከሚባል መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆኖ የእከክን መንስኤ በአጉሊ መነጽር አይቶ ጽፏል፤ ትንሽ ተባይ ናት ብሎ። መነሻ የሆነው ድሃ እናቶች ከልጆቻቸው ቆዳ ላይ አንድ ነገር በመርፌ ጫፍ ሲያወጡ ማየቱ ነው። ታዲያ ያኔ ሊቃውንቱ በሽታው የደም መበላሸት ነው ይሉ ስለነበር ብዙዎቹ ጆሮ አልሰጡትም። ነገሩ የተዘጋው ከ147 ዓመት በኋላ በ1834 ነው። ፓሪስ በሚገኘው ሴንት ሉዊ ሆስፒታል አንድ ሬኑቺ የሚባል ተማሪ ተነስቶ በመምህራኑ ፊት ተባይዋን ከታማሚ ቆዳ ውስጥ በመርፌ አውጥቶ አሳየ። እሱም የኮርሲካ ልጅ ነበርና ዘዴውን ያወቀው ከአገሩ ሴቶች ነው። እናቶች የሚያውቁትን ሳይጠይቁ መቶ ተኩል ዓመት ገደማ ያለፈው የእኛ ፋርማሲ ባለሙያ አይነት ሰው በየዘመኑ ስላለ ይመስለኛል።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ተጋድመን ሳለ ተናገርኩ። ጨለማ መሆኑ ረድቶኛል። አክስቴንም፣ ትንሹን ልጅም፣ ጥቅምት 23ንም፣ ሦስቱን ሳምንትም ሳልደብቅ። ረጅም ዝምታ ሆነ። የተቆጣች አለች፤ አሁንም በደንብ አታዋራኝም፣ አልፈርድባትም። በማግስቱ ግን ተሰብስበን ወደ ክሊኒክ ሄድን፤ የጤና ጣቢያ ካርዴን ይዤ። ስንቱን ጊዜ «አለርጂ» የተባልንበት ቦታ ሰባት ሆነን በአንድ ጊዜ ስንገባ ጥያቄው ተለወጠ። መድኃኒቱ ለሁላችንም ታዘዘ። ዓርብ ማታ በር ዘግተን፣ አንዷ የአንዷን ጀርባ እየቀባች አመሸን። ቅዳሜ አንሶላና የለበስነውን ሁሉ በፈላ ውሃ አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣን፤ የማይታጠበውን በፌስታል ቋጥረን ለሳምንት አስቀመጥን። በሳምንቱ ደገምነው። ከተቀባን በኋላም አስር ቀን ያህል ማሳከኩ አልለቀቀንም ነበር። «አልሠራም!» ብለው ሊያብዱ የደረሱ ነበሩ። ግን ተባዩ ከሞተ በኋላም የሰውነት ቁጣ እስኪበርድ ሁለት፣ አንዳንዴም አራት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ይህን አስቀድሞ አለማወቅ ነው ብዙ ሰው መድኃኒቱን በላይ በላይ እንዲቀባ የሚያደርገው።

በመካከል ወደ ልጅቷ ብሎክ ሄድኩ። ምን ብዬ እንደምጀምር ደረጃው ላይ ስለማመድ ቆየሁ። ስነግራት አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ጨርሼ ዝም ስል «እዚህም ሁለት ልጆች ጀምሯቸዋል። ለእነሱም የሚሆን መድኃኒት ክሊኒኩ ይሰጣል?» አለችኝ። ይቅርታ የጠየቅኩትን ሳትመልስልኝ ጫማዋን አድርጋ አብራኝ ወረደች። እስካሁንም አልመለሰችልኝም።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። የእኛ ክሊኒክ እከክ ያገኘ ዕለት የሚያክመው ሰውን ሳይሆን ዶርምን መሆን አለበት። የዶርሙ ልጆች ስም ዝርዝር ፕሮክተሩ ጋ አለ፤ ስም ሳይጠራ፣ ማን አመጣው ሳይባል፣ «የ14 ቁጥር ልጆች ዓርብ መድኃኒት ውሰዱ» ማለት ይቻላል። በጀት የለም የሚባል ከሆነ፣ አራት ሆነን ከኅዳር እስከ የካቲት ለማያድን ቅባት ያወጣነው ገንዘብ የስምንታችንን ሕክምና ይችል ነበር። የፋርማሲ ባለሙያዎችን ደግሞ የምለምነው ስቴሮይዱን ከመደርደሪያ ከማውረዳቸው በፊት ሦስት ጥያቄ ብቻ እንዲጠይቁ ነው። ዘላቂ ሽፍታ ያለው ደግሞ ወደ ቆዳ ሐኪም ይላክ፤ አዲስ አበባ አለርት፣ ደሴ አካባቢ ቦሩ ሜዳ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የቆዩ ሆስፒታሎች ናቸው።

አክስቴ ጋ ደውዬ ነበር። «የእኔ ቤት ቁንጫ እንጂ እከክ የለበትም!» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። እኔ ራሴ ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩ ሰው ነኝና ልቆጣት አልቻልኩም። ትንሹ ልጅ ግን አሁንም እያከከ ነው የሚያድረው። ለሕፃን የሚሰጠው መጠን ስለሚለይ ሲስተሯ «ልጆቹን አምጪያቸውና ልያቸው» ብላኛለች። እናቴ ታላቅ እህቷ ስለሆነች እሷ ብትነግራት ትሰማለች ብዬ እናቴን ለመንኳት። እናቴ ነገሩን ሁሉ በጥሞና ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እሱስ እሺ፣ ግን ያ ልጅ መጀመሪያ ምች ነው የመታው» አለችኝ። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ራሴ ነኝ የምሄደው።